ካርቶኑ የጠፋ የጌም ካሴት በጅማ ክረምት

ካርቶን የሌለው የጌም ካሴት እንደ ተራ ዕቃ ሲታይ በጣም ነው የሚከፋኝ። ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ትልቁን ዋጋ የሚሰጡት ካርቶኑ፣ የመመሪያ ወረቀቱና ፕላስቲክ መያዣው ሁሉ ላልጎደለበት ነው። ባዶውን የመጣ ካሴት ለእነሱ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እኛ ጋ ግን ካርቶን ያየ ማን አለ? ካሴቱ ከአዲስ አበባ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ወይ ከጅዳ የተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ መሀል ይወጣል፣ ከዚያ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ስቲከሩ ይላጣል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። እና አሁን፣ ይህ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ያ ካሴት አሁንም የሚሠራ ከሆነ ክብር ይገባዋል ባይ ነኝ።

እኔ ጅማ ነው ያደግሁት፣ አሁንም እዚሁ ነኝ። የምሰበስበው በአብዛኛው የፋሚኮም ዓይነት ካሴት ነው፤ ማለትም እኛ ሰፈር በደፈናው "ኒንቴንዶ" ስንለው በነበረው፣ ግን ኒንቴንዶ ባልሠራው ማጫወቻ ላይ የሚሰካው። ጥቂት የሴጋ ሜጋ ድራይቭና የጌም ቦይ ካሴቶችም አሉኝ። ዋናው ፋሚኮም፣ ማለትም ኒንቴንዶ ራሱ የሠራው ማጫወቻ፣ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ነው፣ ሜጋ ድራይቭ በ1988፣ ጌም ቦይ በ1989። የእኛዎቹ ቅጂዎች የመጡት ከዚያ በጣም ዘግይተው ነው። ቢሆንም ከነዚህ ካሴቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕቃ ናቸው።

ስለ አቀማመጥ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የተጻፈው ማሞቂያና ኤሲ ባለው ቤት ለሚኖር ሰው ነው። መደርደሪያ ግዛ፣ አቧራ አስወግድ፣ ከፀሐይ አርቅ። ጥሩ ነው፤ ጅማ ላይ ግን ትልቁ ጠላት አቧራም ፀሐይም አይደለም። እርጥበት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም እንደ ሰሜኑ አገር ሁለት ወር መጥቶ የሚሄድ አይደለም። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ድረስ እየመጣ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ የቆዳ ጫማ ነጭ ሻጋታ ሲያወጣ ያላየ የጅማ ሰው የለም። ጫማውን የሚያሻግተው አየር ካሴቱንም አይምረውም።

ካሴቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቀላል ነገር ነው። አንድ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቦርድ፣ ላዩ ላይ አንድ ሁለት ቺፕ፣ ከታች ደግሞ ጥርሶቹ፣ ማለትም ከማጫወቻው ጋር የሚገናኙት ቢጫ ኮንታክቶች። ፋሚኮም 60 ጥርስ አለው፣ ሜጋ ድራይቭ 64፣ ጌም ቦይ 32። ርካሾቹ ቅጂዎች ላይ ቺፑ በጥቁር ጠብታ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ጌሙ ራሱ የተቀመጠበት ቺፕ በአብዛኛው ማስክ ሮም የሚባለው ነው፤ መረጃው ቺፑ ሲመረት አብሮ የተሠራ ስለሆነ እንደ ቴፕ ካሴት በጊዜ ብዛት እየደበዘዘ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ አሮጌ ካሴት እምቢ ሲል መጀመሪያ ቺፑን አትጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጥርሱ ላይ ነው። ጥርሱ መዳብ ነው፤ በላዩ ኒኬል፣ ከኒኬሉ በላይ ደግሞ በጣም ስስ ወርቅ ተቀብቷል። ቅጂዎቹ ላይ ወርቁ ከስስም በታች ነው። ሲሰካና ሲነቀል ወርቁ ይጫራል፣ በተጫረው በኩል እርጥበት ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ይርገበገባል ወይም ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

እና ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ይገዛል፣ ካሴቶቹን ይከታል፣ ይዘጋል። በሐምሌ። ይህ የሐምሌን አየር አብሮ ማሸግ ነው። ግን የሚገርመው ነገር፣ አየሩ ራሱ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው፤ አሥር ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ውሃ ቢጠግብ እንኳ ከ0.2 ግራም አይዘልም። ውሃውን ደብቀው የሚያስገቡት አብረው የሚገቡት ነገሮች ናቸው። ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ እንጨት። እነዚህ የክረምቱን እርጥበት ጠጥተው ይገቡና፣ ዕቃው ከተዘጋ በኋላ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቀን ሲሞቅ ቀስ እያሉ ይተፉታል። ካሴቱ እንዳይጋጭ ብላችሁ በጋዜጣ የጠቀለላችሁት፣ ያ ጋዜጣ ነው የሚያዝገው። ቀለሙም ግራጫ ፕላስቲክ ላይ ይታተማል።

መፍትሔው ጊዜ መምረጥ ነው። ቡና ነጋዴ እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ሳይወርድ ቡናውን መጋዘን አያከማችም፤ እርጥቡን ካከማቸው ይሻግታል። ካሴትም እንዲሁ ነው፣ መድረቅ ይቀድማል፣ መታሸግ ይከተላል። ደግሞ ደስ የሚለው ወቅቱም አንድ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር፣ ግቢው ሁሉ ቡና በተሰጣበት ሰሞን፣ ጅማ ውስጥ አየሩ በጣም ደረቅ የሚሆንበት ጊዜ ነው። እኔ ሳጥኖቼን የምከፍተው፣ ካሴቶቹን የማወጣው፣ የማየው፣ የማጸዳውና መልሼ የማሽገው ያኔ ነው። ጥላ ውስጥ፣ መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ተዘርግተው ጥቂት ቀን ያድራሉ። ፀሐይ ላይ ግን አይሰጡም! ቡናው ፀሐይ ይወዳል፣ ካሴት አይወድም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሲሊካ ጄል። ጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዳንድ መድኃኒት ዕቃ ውስጥ የምታገኙት "አትብሉ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ከረጢት። ጫማ ሻጮች ይጥሉታል፣ ብትጠይቋቸው በደስታ ይሰጧችኋል። ሲሊካ የራሱን ክብደት ሲሶ ያህል ውሃ መያዝ ይችላል። ከላይ ያልኩትን ስሌት ካስታወሳችሁ፣ ደረቅ ካሴት በደረቅ ወር፣ ወረቀት ሳይጨመርበት፣ በጥሩ ክዳን ከታሸገ ሃምሳ ግራም ሲሊካ ለአንድ መካከለኛ ዕቃ ከበቂ በላይ ነው። ሲሊካው ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ ክዳኑ ያስገባል ማለት ነው፤ ሲሊካ ከመጨመር ክዳኑን ቀይሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከጫማ ካርቶን የተገኘ ከረጢት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጠገበ ነው። ስንት ወር መደብር ውስጥ ክፍት ሆኖ ከርሟል። እንዳለ ብታስገቡት ምንም አይሠራም፣ እንዲያውም ውሃ ይዞ ይገባል። መድረቅ አለበት። ከረጢቱን ቀዳችሁ ፍሬዎቹን ብቻ ለዚሁ ሥራ በተለየ ጣሳ ላይ አድርጉና በለስላሳ የከሰል እሳት፣ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ እያመሳችሁ አቆዩት። ኃይለኛ እሳት ያበላሸዋል። ሲበርድ በስስ ጨርቅ ቋጥሩት። ሰማያዊ ሆኖ ውሃ ሲጠጣ ወደ ሮዝ የሚቀየረው ዓይነት ኮባልት አለበት፣ መርዛማ ነው፤ ከምግብ ዕቃና ከልጆች አርቁት። ብርቱካናማ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚዞረው ይሻላል።

ሩዝስ? ይጠይቁኛል። ሩዝ ደካማ ነው፣ ዱቄቱም ጥርሱ መሀል ይገባል፣ ነቀዝም ይጠራል። ከሰል አቧራው ጥቁር ነው፣ ኤሌክትሪክም ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ካሴት አጠገብ አላስጠጋውም። ጨው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ጨው ራሱ ሟሙቶ ውሃ ይሆናል፣ ጅማ በክረምት ደግሞ 75ን ማለፍ ምኗም አይደለም። የጨው ውሃ ከመዳብ ጋር ተገናኘ ማለት አለቀ። እባካችሁ ጨው አታስገቡ።

ስለ ሳጥን። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት፣ በርጩማዋ ኢትዮጵያን ሙሉ ይታወቃል፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ቆንጆ የዋንዛ ሳጥን ማሠራት ቢሆን አይገርመኝም፤ የእኔም ነበር። ያሠራሁት ሂርማታ አካባቢ ካሉ አናጢ ዘንድ ነው፣ እሳቸውም ገና ሐሳቤን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ልጄ፣ የሚገባው ብረት አለበት?"

"አለበት ጋሼ፣ መዳብ ነገር አለው።"

"እንግዲያው ቶሎ አምጣ አትበለኝ። እንጨቱም ይድረቅ፣ ቫርኒሹም ይብነን።"

ትክክል ነበሩ። ያልደረቀ እንጨት ውሃ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ የኮምጣጤ ዓይነት አሲድ ትነትም ያወጣል፣ ይህ ትነት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ብረትን ይበላል። ቺፑድና ኮምፔርሳቶ ላይ ያለው ሙጫም የራሱ ትነት አለው። ቫርኒሽ ደግሞ ጠረኑ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ክዳኑ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ ሳጥኑን ከፍታችሁ ስታሸቱ አሁንም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ካለ ገና ነው። የእኔ ሳጥን አሁን ያምራል፣ ሳሎን ተቀምጧል፣ ካሴቶቹ ግን በቀጥታ እንጨቱ ላይ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ዚፕ ባለው ፕላስቲክ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ፣ እሱ ነው እንጨቱ ውስጥ የሚገባው። እንጨቱ ከምት፣ ከብርሃንና ከሰው እጅ ይጠብቃል፣ ከእርጥበት የሚጠብቀው ፕላስቲኩ ነው። አንዱን ለሌላው ሥራ ማዋል አያዋጣም።

ፕላስቲክም ሁሉ አንድ አይደለም። ምግብ የሚቀመጥበት ዕቃና ዚፕ ያለው ከረጢት በአብዛኛው ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ሥሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2፣ 4 ወይም 5 ቁጥር ታያላችሁ፣ እነዚህ ደህና ናቸው። 3 ቁጥር ያለበት ፒቪሲ ነው፤ እንደ ጠረጴዛ ላስቲክ ለስለስ ብሎ የሚሸትተው ማለቴ ነው። እሱን ተዉት። የሚያለሰልሰው ቅባት በጊዜ ብዛት ይወጣና ካሴቱ ላይ ይጣበቃል፣ ስቲከሩንም ያቀልጠዋል። ካሴቶቹን አንድ ላይ በብር ላስቲክ ማሰርም መጥፎ ልማድ ነው፤ ላስቲኩ ድኝ አለበት፣ ሲያረጅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ፕላስተር ስቲከር ላይ አትለጥፉ፣ "እንዳይላጥ ብዬ ነው" የሚሉ ሰዎች ካሴት ሳይ ሆዴ ይባባል፣ ምክንያቱም ፕላስተሩ ሲነሳ ሥዕሉን ይዞ ነው የሚነሳው። ልብስ መሀል የሚጣል ነጭ የብል ክኒንም ካሴት ካለበት ሳጥን ይራቅ፤ ትነቱ አንዳንድ ፕላስቲክን ያለሰልሳል።

የት ይቀመጥ? ወለል ላይ አይሁን፣ አልጋ ሥርም አይሁን፤ ሲሚንቶ ወለል በክረምት ከታች ውሃ ይስባል። ኮርኒስ ላይም አይሁን፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ያቃጥላል ሌሊት ይበርዳል፣ ይህ መለዋወጥ ነው ጠል የሚያመጣው፣ አይጥም አለ። ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆም አይሁን። ጥሩው ቦታ የቤቱ መሀል ግድግዳ ላይ፣ ከወገብ ከፍ ያለ መደርደሪያ ነው። ከማድቤት ደግሞ ራቁ። እኛ ቤት እማዬ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ቡና ታፈላለች፣ ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ እሱ እንዲቀር አልፈልግም፣ ማንም አይፈልግም። ግን የቡና ቆሎ ጭስና የዕጣን ጭስ ቅባት አለው፣ ጥርሱ ላይ ሲያርፍ አቧራ ይይዛል። ስለዚህ ጭሱ ባለበት ክፍል ካሴት ክፍት ሆኖ አይውልም። ያው ነው።

በረሮ የሚባለውን አትናቁ። የስቲከር ሙጫና ወረቀት ይበላል። በፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ የከረመ ካሴት ላይ ስቲከሩ ዳር ዳሩን ተበልቶ ታገኙታላችሁ፣ ሥራው የእሱ ነው። ዚፕ ያለው ከረጢት ይህንንም ይፈታዋል። ካሴቶቹን ደግሞ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሯቸው እንጂ አንዱን በአንዱ ላይ አትቆልሉ፤ ሲቆለል የላይኛው ጀርባ የታችኛውን ስቲከር ይፍቀዋል።

አሁን ወደ ማጽዳት። እፍ ማለት! ሁላችንም ያደግነው እፍ እያልን ነው። ኮንትራ የሚባለው ጌም አልነሳ ሲል ነቅሎ እፍ፣ መልሶ መሰካት፣ ይነሳል። የሚነሳው ግን በእፍታው አይደለም፣ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ጥርሱን አሽቶ ስላገናኘው ነው። እፍታው የሚጨምረው ምራቅና እንፋሎት ነው፣ ኒንቴንዶም ራሱ አትንፉ ብሎ አስጠንቅቋል። ዛሬ ያለ ምንም ወጪ ካሴታችሁን የምታድኑበት ነገር ቢኖር ይኸ ነው፤ አትንፉ፣ ልጆቻችሁንም ከልክሉ።

የሚጸዳው በአልኮል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፣ የቀረው ውሃ ነው። ይሠራል፣ ግን ቆይቶ እንዲደርቅ ጊዜ ስጡት፣ በተለይ በክረምት። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ልጆች ዘንድ አይጠፋም። የጆሮ ጥጥ ነከር አድርጋችሁ ጥርሱን ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቱንም ገጽ፣ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። ከዚያ በደረቅ ጥጥ። በቃ። ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ ግን "በቲነር ልጠበው?" ካላችሁ እምቢ በሉ። እሱ ባዶ ቦርድ በቲነር ማጠብ ለምዷል። የካሴቱ ሽፋን በአብዛኛው ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ቲነር ውስጥ ያለው አሴቶን ያሟሟዋል፣ የስቲከሩን ቀለምም በአንዴ ያነሳዋል። ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካም፤ ወርቁን አውልቆ መዳቡን ራቁቱን ያስቀረዋል፣ ለአንድ ሳምንት ይሠራል፣ በቀጣዩ ክረምት ያልቃል። ላጲስ ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። የእኔ አቋም፣ አረንጓዴው በአልኮል እምቢ ካለ፣ ለስላሳ ነጭ ላጲስ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ። ልማድ መሆን የለበትም። እርጥብ ካሴት ደግሞ ማጫወቻ ላይ ሰክታችሁ አታብሩ፣ አንድ ሌሊት ይደር።

መክፈት ያስፈልጋል ወይ? ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የፋሚኮም ካሴት ብሎን የለውም፣ በጠርዙ ተነክሶ ነው የተዘጋው፣ በካቻቢቴ ሲገፋ መንከሻው ይሰበራል። የሴጋና የጌም ቦይ ብሎን ደግሞ ለየት ያለ ራስ ነው ያለው፣ 3.8 ሚሊ ሜትር የሚባለውን መፍቻ ይፈልጋል፤ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ጫፍ አቅልጦ በእሱ መፍታት የሚባል ዘዴ አለ፣ አልወደውም፣ መፍቻው ርካሽ ነው፣ አንዴ አስመጡት። ግን መክፈት ግድ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፣ እሱም ባትሪ ነው።

የደረሳችሁበትን ቦታ የሚያስቀምጥ ጌም ካላችሁ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ውስጣቸው ክብ የሊቲየም ባትሪ አለ። 3 ቮልት ነው። ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ወይም ሲአር2025፣ ጌም ቦይ ላይ ሲአር1616ም ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይናገራል፤ 2032 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2። ባትሪው ሲያልቅ ጌሙ አይሞትም፣ የምታጡት ሴቩን፣ ማለትም ያስቀመጣችሁትን ቦታ ነው። ሲያረጅ ግን አንዳንዴ ያፈሳል፣ በእርጥበት ሲሆን እግሩ ይዝጋል፣ ዝገቱም ወደ ቦርዱ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪ ያለባቸውን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ በየዓመቱ ከፍታችሁ እዩ። ስትቀይሩ ባትሪው ላይ በቀጥታ ካውያ አታሳርፉ፣ ሊፈነዳ ይችላል፤ እግር የተበየደለት ባትሪ ነው የሚገዛው። ባትሪው ሲነሳ ሴቩ እንደሚጠፋም አስቀድማችሁ እወቁ። የወንድማችሁ ስም ያለበት ሴቭ ካለ፣ በካሴት አንባቢ ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ ነው መንቀል ያለባችሁ።

ፀሐይ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አንደኛ፣ ግራጫውና ነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ ጊዜ እሳት እንዳይዘው የተጨመረ ብሮሚን ያለበት ነገር አለ፣ ብርሃንና ሙቀት ሲነካው ቢጫ ይሆናል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡ አሉ፣ ቢጫው ግን ሊመለስ ይችላል፣ ስቲከሩም አደጋ ላይ ነው። እኔ ቢጫውን እተወዋለሁ። ሁለተኛው ከባድ ነው። አንዳንድ ቅጂ ካሴቶች በማስክ ሮም ፈንታ ኢፒሮም ነው ያላቸው፤ ቺፑ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለ፣ በወረቀት ተሸፍኗል። ያ ወረቀት ጌጥ አይደለም። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠፋ ቺፕ ነው፣ መስኮቱ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ ሳምንት ገደማ ቢውል ጌሙ ይሰረዛል። ከፍታችሁ ካያችሁት ወረቀቱን አትላጡት፤ ተነስቶ ከሆነ በወፍራም ጥቁር ነገር ሸፍኑት።

መዝገብ ያዙ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኔ ግን ከሲሊካው አያንስም። እያንዳንዱን ካሴት ከፊት፣ ከጀርባና ከጥርሱ በኩል ፎቶ አንሱ። ቁጥር ስጡት፣ ቁጥሩን ግን ካሴቱ ላይ በማርከር አትጻፉ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ከረጢቱ ላይ ከውጭ ለጥፉት። ስቲከሩ "64 በ1" ይል ይሆናል፣ ውስጡ ሲቆጠር አሥራ ምናምን ጌም በስም እየተቀያየረ ነው የሚደጋገመው፤ እውነተኛውን ዝርዝር ጻፉ። የታንኩ ጌም የ1985ቱ ዋናው ነው ወይስ ደረጃው የተቀየረ? ማሪዮው ከስንተኛው ደረጃ ይጀምራል? ከማን አገኛችሁት? የቆጪ ልጅ ነው የሰጣችሁ ወይስ ፈረንጅ አራዳ የነበረ ጌም ቤት ሲዘጋ የተገዛ ነው? የዋናዎቹን የኒንቴንዶና የሴጋ ካሴቶች ዝርዝር ጃፓንና አሜሪካ ያሉ ሰዎች አንድ በአንድ መዝግበዋቸዋል። ጅማ ላይ ይዞሩ የነበሩትን ቅጂዎች ግን የሚመዘግብ ሌላ ሰው አላውቅም፣ ካልያዝናቸው እኛው ነን ያጠፋናቸው።

ማጫወትንም አትተዉ። በደረቁ ወር እያወጣችሁ እያንዳንዱን አንዴ ሰክታችሁ እዩት፣ ተነሳ አልተነሳም መዝገቡ ላይ ጻፉ። ለሰው ስታውሱ ከነከረጢቱ ስጡ፣ እንዳይነፋበትም ንገሩት።

የማይነሳም ካሴት አይጣል። አጽድታችሁ፣ ደጋግማችሁ ሞክራችሁ፣ እምቢ ካለ ለብቻው ከረጢት አድርጉለት። ሽፋኑ ለተሰነጠቀው ሌላ ካሴት ይሆናል፣ ስቲከሩም ለመዝገቡ ይጠቅማል። በኋላ ደግሞ ካውያ የሚችል ሰው ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ የለቀቀ እግር ብቻ ነው።